ከደጃፍ እስከ ረጲ፦ የትኛውን ቆሻሻ ለማን እንስጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻ ከአንድ ቤት የሚወጣባቸው በሮች ብዙ አይደሉም። ቆራሌው አለ። ጋሪውን እየገፋ የሚመጣው የሰፈሩ የጽዳት ማኅበር አለ። ያረጀ ዕቃ የሚቀበል ሱቅ፣ ጋራዥ ወይም ጥገና ቤት አለ። ጓሮ ላለው ጓሮ አለ። አንዳንዱን ደግሞ ትክክለኛ ተቀባይ እስኪገኝ ቤት ማቆየት ይቻላል፤ ይህም እንደ አንድ ምርጫ ይያዝልኝ። ግቢ ውስጥ ከምሮ ክብሪት መጫርን ግን አልቆጠርኩትም። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ብዙዎቻችን ስንመርጥ የምናሰላው ስንት እንደሚያወጣና ምን ያህል ቶሎ እንደሚወሰድልን ነው። እኔ ከሁለቱ በፊት የማስቀድመው ጥያቄ አለኝ፦ ከእኔ ቀጥሎ በእጁ የሚነካው ማን ነው? የከተማችን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚለየው በሰው እጅ ነው። በር ላይ የሚቀበለው ሰው ማዳበሪያውን ፈትቶ ሃይላንዱን ይለቅማል፤ ገንዳው ጋ ሌላው ይበረብረዋል፤ ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ሲደርስ ደግሞ ሌሎች ይጠብቁታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ፤ ከክምሩ እየለቀሙ የሚተዳደሩም ነበሩባቸው። በጥቁር ፌስታል ቋጥረን ያወጣነው መርፌ የሚያርፈው እንዲህ ያለ ሰው ጣት ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው። አንዳንዱ ላይ ገንዘብ ያስቀራል፤ አንዳንዱ ላይ ትንሽ እግር ያስኬዳል።

ቆራሌው ወይስ ማኅበሩ?

ለብረት፣ ለጀሪካን፣ ለድስት፣ ለቆርቆሮና ለሃይላንድ ሁለቱም ይሆናሉ። ቆራሌው ገንዘብ ይከፍላል፤ ዋጋውን ግን በዓይኑ ገምቶ ነው የሚቆርጠው፣ ብዙ ጊዜ ሚዛን አይዝም። ማኅበሩ አይከፍላችሁም፤ እንዲያውም ለአገልግሎቱ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ክፍያው ለረጅም ጊዜ ከውኃ ሒሳብ ጋር ሲሰበሰብ የቆየ ነው። የማኅበሩ አባላት ከውስጡ የሚሸጥ ነገር ለቅመው ቢያገኙ ግን ለኪሳቸው ድጎማ ይሆናል።

ከባድና ዋጋ ያለው ነገር ሲሆን ቆራሌውን ጥሩ። የተሰበረ የብረት አልጋ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የፈረሰ በር፣ የማይሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ በእሱ በኩል ምናለሽ ተራ ወይም ብረት አቅላጮች ዘንድ ይደርሳል፤ ይህን ሰንሰለት ከእሱ በተሻለ የሚያውቀው የለም። ከመሸጣችሁ በፊት ሌላ ቆራሌ ጠርቶ ማስገመት ነውር አይደለም። የእኔ አንድ ምክር፣ የመዳብ ሽቦ ካለ ለብቻው አውጥታችሁ አሳዩት፤ ከብረት ጋር ተደባልቆ ሲሄድ በብረት ዋጋ ነው የሚሄደው።

ሃይላንድ ላይ ስንመጣ ስሌቱ ይገለበጣል። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ባዶውን ከ20 ግራም በታች ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 በላይ ያስፈልጋል። ለአንድ ቤት ይህ የሳምንታት ክምችት ሆኖ ዋጋው የዳቦ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሰፈሩን ሁሉ ለሚዞረው የማኅበር ሠራተኛ ግን ከየቤቱ ሲጠራቀም እውነተኛ ገቢ ነው። ስለዚህ ሃይላንዱን አንጠፍጥፋችሁ፣ ጨምድዳችሁ፣ ክዳኑን መልሳችሁ በተለየ ማዳበሪያ ለማኅበሩ ስጡ። ጥርት ያለው ከባለቀለሙ ይበልጥ ስለሚፈለግ ለይታችሁ ከሰጣችሁ የበለጠ ያመሰግኗችኋል። ዘይት ወይም ወጥ የነካው ግን ያበላሻል፤ እጠቡት፣ ካልሆነም ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይሂድ።

በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ሃይላንድና ጀሪካን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሰፈር ሱቅ በረኪና በውኃ ጠርሙስ ቀድቶ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ጠርሙሱን የሚያውቀው የውኃ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ለማንም አትስጡ፣ ለመቅጃም አታስቀምጡ። የበረኪናውን ጠርሙስ ደጋግማችሁ አለቅልቁና በቢላ ሰንጥቃችሁ ጣሉት። የፀረ ተባዩን ለብቻው እመጣበታለሁ።

ልዋጩን አልረሳሁትም። ለልብስና ለጫማ ከሁለቱም እሱ ይሻላል፤ አሮጌ ሱሪ ሰጥታችሁ የፕላስቲክ ሳፋ ትቀበላላችሁ፣ ሱሪውም አንድ ሰው ይለብሰዋል። ቤታችሁ ሳፋ ከሞላ ደግሞ ገበያው አልቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ነዳያን መስጠት አለ።

ማንም የማይገዛውንም እንወቅ። የብስኩት መጠቅለያ፣ የችፕስ ከረጢት፣ የእርጎ ኩባያ፣ ስስ ፌስታል ገዢ የላቸውም። ለይቶ ማጠራቀም ጊዜ ማባከን ነው፤ መፍትሔው ከመግዛቱ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል። በምትኩ ሱቅ የሚሰጠው ጨርቅ የሚመስል ከረጢት ግን ብዙውን ጊዜ እሱም ፕላስቲክ ነው። መላልሳችሁ ከያዛችሁት ደህና፤ አንዴ ይዛችሁ ከጣላችሁት ከፌስታሉ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፣ ምክንያቱም ይወፍራል። ከሁሉም ዘንቢል ያሸንፋል፤ እናቶቻችን ይህን ክርክር ከጨረሱት ቆይተዋል።

ጠርሙስና ወረቀት

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ለቆራሌ አይሰጥም፤ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ታጥቦ ዳግመኛ የሚሞላ ጠርሙስ ቀልጦ እንደገና ከሚሠራው ያነሰ ኃይል ይፈጃል፤ መያዣ ከከፈላችሁም ብራችሁ ይመለሳል። የውስኪና የወይን ጠርሙስ ለማርና ለዘይት ያገለግላል። ባዶውን ስታወጡ ግን መለያ ወረቀቱን ላጡት፤ ያልተነካ መለያ ያለው ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ሐሰተኛ መጠጥ ለሚሞላ ሰው የተዘጋጀ ዕቃ ነው። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ይጠቅለል፣ በፕላስተር ይታሸግ፣ ላዩ ላይ «ስባሪ» ተብሎ ይጻፍ፤ ለማኅበሩ ሠራተኛም በእጅና በቃል ይሰጥ።

ደብተርና ካርቶን ለማንም ስጡ፣ ይወስዱታል። የባንክ ወረቀትና የሕክምና ውጤት ግን ቀዳችሁ በውኃ ዘፍዝፋችሁ ይውጣ፤ አለዚያ የስኳራችሁ መጠን ከሱቅ ጥግ ቆሎ ተጠቅልሎበት ይመጣል።

የሚበሰብሰው

ከቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው ልጣጭ፣ የአትክልት ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባና የመሳሰለው ነው። ጓሮ ያለው ሰው ለማንም ባይሰጠው ይሻለዋል። አንድ ጥግ ላይ አንድ እጅ እርጥብ፣ ከአንድ እጅ በላይ ደግሞ ደረቅ፣ ማለት ቅጠል፣ ሣር፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ እያፈራረቁ መደርደር፣ በየጊዜው ማገላበጥ፣ ክረምት ሲገባ መሸፈን ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ኮምፖስት የሚባለው ጥቁር አፈር ይሆናል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይገቡም፤ አይጥ ይጠራሉ። ገረባ ግንዱ ስለሚጠነክር ካልተቆራረጠ ቶሎ አይበሰብስም። የከሰል አመድ በጥቂቱ ብቻ፣ ያውም ከቀዘቀዘ በኋላ። ያልበረደ አመድ በፕላስቲክ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው የባልዲውን ታሪክ ይነግራችኋል።

ጎረቤት በግ ወይም ላም ካለው ልጣጩን ለእሱ መስጠት ከኮምፖስትም ይቀድማል፤ ፌስታልና የጥርስ እንጨት እንዳይገባበት ብቻ መጠንቀቅ ነው፣ ላም የዋጠችው ፌስታል ሆዷ ውስጥ ይቀራል።

በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ኮምፖስት የሚሞክሩ ሰዎችን አደንቃለሁ፤ ጎረቤታቸው መሆን ግን አልፈልግም። ለፎቅ ነዋሪ የሚሻለው እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ፣ ውኃውን አንጠፍጥፎ ለማኅበሩ መስጠት ነው። ይህም ከንቱ ልፋት አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ቆሻሻን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው የተሠራው፤ በውኃ የራሰ ቆሻሻ ደግሞ ለመቃጠል የራሱን ሙቀት ይበላል።

በዓል ሲመጣ የበግ ቆዳ ጥያቄ ይነሣል። ድሮ «ቆዳ አለ?» የሚለው ድምፅ ጧት ነበር የሚሰማው፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ቆዳው መንገድ ዳር ሲሸት እናየዋለን። ወዲያው ጨው ነስንሳችሁ ጥላ ሥር አጣጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት የሚገዛ ባይገኝም የሚወስድ ይገኛል። ሳይጨው ያደረ ቆዳን ማንም አይፈልገውም።

ስለ ማቃጠል

ከላይ ያልቆጠርኩት መንገድ ይኼ ነው። ግቢ ውስጥ የሚነድ እሳት ግለቱ ዝቅተኛ፣ ጭሱም ማጣሪያ የሌለው ነው። ቆሻሻ እንዲያቃጥሉ የተሠሩ ፋብሪካዎች ጭሱን ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግለው በማጣሪያ ያሳልፉታል፤ የእኛ ክምር እየጤሰ ያድራል። ፕላስቲክ፣ በተለይ የሽቦ ልባስና የቧንቧ ዓይነቱ፣ እንዲህ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ሽቦ አቃጥሎ መዳብ የሚያወጣ ልጅ ሰፈራችሁ ካለ ጭሱ ለእሱ ብቻ አይቀርም። ደረቅ ቅጠልም ቢሆን ከማቃጠል ኮምፖስቱ ውስጥ መጨመር ይሻላል።

አሁን ወደ አደገኛው

እስካሁን ያልነው ውስጥ ብትሳሳቱ የሚጠፋው ጥቂት ብር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ነው፤ ለዚህኛው ቆራሌው የመጨረሻ ምርጫ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዕቃውን የሚፈታው በመዶሻና በእጁ ስለሆነ ነው።

ከመኪና ባትሪ እንጀምር። ውስጡ እርሳስና የሰልፈር አሲድ ነው። ሦስት ተቀባይ ይቀርቡላችኋል፦ አዲሱን የሚሸጥላችሁ ሱቅ፣ ጋራዡ፣ ቆራሌው። ቆራሌው አንዳንዴ የተሻለ ዋጋ ሊጠራ ይችላል፤ ነገር ግን አሲዱ ብዙ ጊዜ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ እርሳሱም ግቢ ውስጥ ቀልጦ አቧራውና ጢሱ ልጆች የሚጫወቱበት መሬት ላይ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ አሮጌውን ለአዲሱ ሻጭ አስረክቡ፣ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስላችሁም ተከራከሩ። አሲዱን ራሳችሁ አትድፉ፤ ባትሪው እንደቆመ፣ ሳይዘነበል ይሂድ። ይህ ነገር በገበያው በኩልም ይመለስብናል፦ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ከውዳቂ ብረታ ብረት ተቀልጠው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ሲመረመሩ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። የጣልነው መልሶ ወጥ የሚሠራበት ሊሆን ይችላል።

የባትሪ ድንጋይ፣ የሬዲዮውና የግድግዳ ሰዓቱ፣ ከዚህ ቤተሰብ ሁሉ ለዘብ ያለው ነው። ተቀባይ እስኪገኝ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ማጠራቀም የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሾልኮ ነጭ ዱቄት ያወጣውን በጓንት ወይም በፌስታል ይዛችሁ በተለየ ፌስታል ቋጥሩ። ቁልፍ የምታህለዋ ክብ ባትሪ ግን መጠንዋ አያታላችሁ። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች፤ ከሪሞት ወይም ከመጫወቻ እንደወጣች ሁለት ፊቷን በፕላስተር ለጥፉና ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሯት። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

የስልክ፣ የላፕቶፕና የፓወር ባንክ ባትሪ ሊቲየም ነው፤ እሱን ቆሻሻ ውስጥ መጣል በጋሪው ወይም በገንዳው ላይ እሳት መጣል ሊሆን ይችላል። ያልተበላሸውን ለጥገና ቤት ስጡ፣ ለመለዋወጫ ይጠቀምበታል። ያበጠውን ግን አትውጉ፣ አትጫኑ፣ ቻርጅ አታድርጉ፤ አሸዋ በሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ፀሐይና ዝናብ ከማይነካው ቦታ አቆዩትና ለሚያውቅ ጠጋኝ አስረክቡ።

ለአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ በጠቅላላው ጥገና ቤት ከቆራሌ ይበልጣል፤ ጠጋኙ በክፍል በክፍል ፈትቶ ይጠቀምበታል፣ ቆራሌው መዳቡን ብቻ ነው የሚያየው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ ይዘውት የሚመጡት አሮጌ ላፕቶፕም መጨረሻው እዚሁ እኛ ጋ ነው፤ ባትሪው የሞተ ከሆነ እዚያው ከተማቸው ቢያስረክቡት ይቀላል፣ ብዙዎቹ ያሉበት ከተማ መቀበያ አለው። ጀርባው ወፍራም የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን በተመለከተ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ የመስታወቱ እርሳስ ኪሎ ሊያህል ይችላል፤ ለቆራሌ ሲሰጥ መዳቡ ይወጣና መስታወቱ ተሰብሮ ጥግ ላይ ይቀራል። ጠጋኝ ካልወሰደው ሳይሰበር ይቀመጥ። ስልክና ኮምፒውተር ከመስጠታችሁ በፊት ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ፣ ውስጡ ያለውን መረጃም አጥፉ።

ቆጣቢ አምፖልና ረጅሙ የኒዮን ዘንግ ውስጣቸው ጥቂት ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ አለ፤ በአንድ ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ያልተሰበረ እስከሆነ ድረስ አደጋ የለውም፤ ስለዚህ የተቃጠለውን በመጣበት ካርቶን መልሶ ማስቀመጥ ከመጣል ይሻላል። ቢሰበር መስኮት ክፈቱ፣ ሰው ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይውጣ፣ ከዚያ በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት ዛቁት፣ ደቃቁን በፕላስተር ለቅማችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ አሽጉት። መብራት ኃይል ከዓመታት በፊት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን አከፋፍሎ ስለነበር ስንቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ አሁንም አንድ ሁለት አይጠፋም። አዲስ ስትገዙ ኤልኢዲው ሜርኩሪ የለውም።

መድኃኒትና መርፌ

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አምስት ቦታ ሲሄድ አያለሁ፦ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ ውስጥ፣ እሳት ውስጥ፣ ፋርማሲ፣ ጎረቤት። የከፋው የመጨረሻው ነው። የተረፈ አንቲባዮቲክ ለጎረቤት ልጅ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ሳይጨረስ የተወሰደ ግማሽ ኮርስ ግን ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል።

ፋርማሲና ሆስፒታል ይቀበላሉ ወይ? መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ፤ መድኃኒት አስወጋጅ ሥርዓት ያላቸው እነሱ ናቸው። ሁሉም ግን አይቀበልም፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተመርታችሁ ባዶ እጃችሁን፣ ማለቴ ከነከረጢታችሁ፣ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ምርጫ ይኼ ነው፦ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጡ፣ ሳትፈጩ ከቡና አተላ ወይም ከአመድና ከውኃ ጋር ለውሱት፣ በሚታሸግ ዕቃ ወይም በድርብ ፌስታል ቋጥሩ፣ ማኅበሩ በሚመጣበት ቀን አውጡት። ማንም አይቶ የማይመኘው ነገር ይሆናል። ባዶ ብልቃጥና ሳጥን ላይ ስማችሁንና የመድኃኒቱን መለያ አጥፉ። ሽንት ቤት መድፋቱን የምቃወመው ለሚከተለው ምክንያት ነው፦ ከከተማችን ፍሳሽ ብዙው መጨረሻው የአቃቂ ወንዝ ሲሆን፣ ከዚህ ወንዝ ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ የምንገዛው ነው። የአስም መንፊያና ማንኛውም ተጭኖ የሚረጭ ጣሳ ደግሞ ባዶ ቢመስልም እሳት አይንካው፣ ይፈነዳል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለበት ቤት ከመርፌው ጋር ያለው ጉዳይ በየቀኑ ነው። ሃይላንድ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ስስ ስለሆነ መርፌው ይወጋዋል። የላርጎ ወይም የሻምፑ ወፍራም ጠርሙስ ይሻላል። መርፌውን ክዳኑን ለመመለስ ሳትሞክሩ በቀጥታ ጫፉን አስቀድማችሁ ክተቱ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር ጠምጥሙ፣ «መርፌ» ብላችሁ ጻፉ፣ ወደምትታከሙበት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እነሱ የራሳቸውን መርፌ በሴፍቲ ቦክስ ሰብስበው የሚያስወግዱበት መንገድ ስላላቸው በትሕትና ከጠየቃችኋቸው የእናንተንም ማስገባት አይከብዳቸውም። የመርፌ ጠርሙስ ለማኅበሩ አይሰጥም።

ፀረ ተባይ

ለትኋን የገዛነው ማላታይን፣ ለአይጥ የተቀመጠው መርዝ፣ ለነቀዝ የተጨመረው ክኒን። እዚህ ላይ ምርጫው ጠባብ ነው። የነቀዙ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ውኃ ውስጥ አይጣል፣ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፣ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥም አይቀመጥ። የተረፈውን በራሱ ጣሳ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ፣ ለገዛችሁበት ሱቅ ወይም ለግብርና ባለሙያ መልሱ። ሌላውንም ፈሳሽ እንዲሁ። በመጀመሪያውም በትንሹ መግዛት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ አገራችን በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ አውሮፓ አስጭና ነበር ያስቃጠለችው፤ እዚህ በደህና ሊያስወግደው የሚችል ምድጃ አልነበረም። መንግሥት መርከብ ያስፈለገውን ነገር እኛ ጓሮ ቆፍረን በመቅበር እናስወግደዋለን ብለን አናስብ።

ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እጣቢው ወደሚረጨው ይመለስ እንጂ ቦይ አይደፋ፣ ከዚያ ታችና ላዩ ይበሳ። ያልተበሳ ጀሪካን ገበያ ወጥቶ የጠላ ወይም የዘይት ማስቀመጫ ይሆናል።

ስለ በረኪና አንድ ነገር፦ የተረፈውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አታደባልቁ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። የተረፈውን ለየብቻ ተጠቅሞ መጨረስ ከማንኛውም አወጋገድ ይሻላል።

ዘይትና ቀለም

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቤቱ የሚቀይር ሰው በጀሪካን ይዞ ጋራዥ ያስረክብ፣ ጋራዦች በበርሜል ያጠራቅማሉ። ለምስጥ ብለው አጥር የሚቀቡበት አሉ፤ ምስጡን ሊያርቀው ይችላል፣ ግን ውስጡ ብረታ ብረት ስላለ ከጉድጓድ ውኃና ከጎመን መደብ አጠገብ አይሁን። የወጥ ዘይት ሲቀዘቅዝ በአመድ ወይም በሰጋቱራ መጥጣችሁ ጣሉት፤ ሲንክ ውስጥ ከደፋችሁት ቧንቧ ሠሪው ይጠራል።

የተረፈ ቀለም ቀለም ቀቢው ይውሰደው፣ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ዝቃጩ እስኪወርድ ቆሞ ከላይ ሲቀዳ እንደገና ያገለግላል፤ ዝቃጩ በሰጋቱራ ይድረቅ።

እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ወይስ ሕንጻው በጋራ?

ከላይ «አቆዩት» ያልኳችሁን ሁሉ ብትቆጥሩ አንድ ቤት መሳቢያው ሊሞላ ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ማቆየቱ ራሱ አደጋ ነው። ለኮንዶሚኒየምና ለማኅበር ቤቶች በጋራ ማድረግ ይሻላል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ጥቂት የባትሪ ድንጋይ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚያስተናግድ የለም፤ ከመቶ ቤት የተሰበሰበ ኤሌክትሮኒክስ ይዞ የሚመጣ ኮሚቴን ግን ጠጋኙም ነጋዴውም ራሱ መጥቶ ይወስድለታል።

የሚያስፈልገው ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ ጥበቃው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው፣ ከቆጣሪና ከጋዝ ሲሊንደር የራቀ ቦታ። ውስጡ ሦስት መክፈያ ይኑረው፦ አንዱ ለባትሪ ድንጋይና ለተለጠፈች ክብ ባትሪ፣ አንዱ በካርቶኑ ላለ አምፖል፣ አንዱ ለስልክና ለቻርጀር። ያበጠ ባትሪ፣ ፀረ ተባይ፣ መርፌና መድኃኒት አይግቡበት፤ እነሱ እንደተባለው ለየብቻቸው በባለቤታቸው እጅ ይሄዳሉ። ቁልፉን ጥበቃው ሳይሆን ኮሚቴው ይያዝ፤ ጥበቃ ይቀያየራል፣ ስልክ ያለበት ሣጥን ደግሞ ይፈተናል። ሲሞላ ከመክፈታችሁ በፊት ለጠጋኙ ደውሉና የትኛውን እንደሚወስድ፣ የማይጠቅመውን ክፍል ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። «እጥለዋለሁ» ካለ ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ። ከሽያጩ የሚገኘው ብር ለጓንት ይዋል፤ ጓንቱም ለማኅበሩ ሠራተኞች ይሰጥ።